በሞተር የሄደ እንቁላል

የልጅ ልጄ ያቺን አሮጌ የረጅም መንገድ ሞተሩን ግቢዬ መሃል ሣጥን ላይ አስቀምጦ፣ የኋላ ጎማዋን አውልቆ፣ ከሆዷ ሥር ዝገት የበላቸውን የንጠት ማብረጃ ሞላዎች፣ አሞርዛተሮቹን፣ ሲመዝ በመስኮት አየሁትና ልቤ ድንግጥ አለ። እኔ እንደሆንኩ መፍራት ሥራዬ ነው። ልጆቼ «አንቺ ዝናብ ሳይመጣ ጃንጥላ ዘርግተሽ የምትተኚ ሴት ነሽ» ይሉኛል። ይበሉ። ጃንጥላ ዘርግቶ የተኛ ሰው ቢያንስ አይበሰብስም።

«ደህና ስትሄድ የነበረችውን ምን አድርጋህ ነው የምትፈታታት?» አልኩት ወጥቼ።

«ሞላዋ ደክሟል አያቴ። ጉድጓድ ባገኘች ቁጥር ወገቤን ትቀጠቅጠዋለች። አዲስ ነው የምገጥምላት።» እጁ እስከ ክርኑ ዘይት ነበር። «ከዚያ በኋላ አንቺን ከኋላ ጭኜ የት የት እንደምወስድሽ ታያለሽ።»

«እኔን? ሞቼ ነው!»

«ምንም አይሰማሽም፤ አልጋ ላይ እንደተኛሽ ነው የምትሄጂው። ግን ሞላውን ለማስተካከል ከኋላ የሚቀመጠውን ሰው ክብደት ማወቅ አለብኝ። ስንት ኪሎ ነሽ?»

ዓይኔን ወደ መሬት ጣልኩ። እሱ በክብደቴ ያፈርኩ መስሎት «አይዞሽ፣ ለማንም አልናገርም» ብሎ ሳቀ። እኔም እንደመሳቅ ብዬ ገባሁና አልጋዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ይህንኑ ጥያቄ ልጅ ሳለሁ ሰምቼዋለሁ። ጠያቂው እንደሱ ዘይት የነካው ሰው ነበር፤ የተጠየቀችው እናቴ ነበረች።

አባቴ የመብራት ምሰሶ ተቆጣጣሪ ነበር። ከከተማ ከተማ የተዘረጋውን ሽቦ እየተከተለ የትኛው ምሰሶ እንደዘመመ፣ የትኛው እንደተበላ እያየ ይመለሳል። ሞተሩን የገዛው አገር ለአገር ከሚዞር መንገደኛ ላይ ነው። እኔ ሳውቃት እንኳ አሮጌ ነበረች። ሰፊ ኮርቻ፣ ነፋስ የሚከለክል መስታወት፣ ግራና ቀኝ እንደ አህያ ጭነት የተንጠለጠሉ ሁለት ሣጥኖች ነበሯት። ከኋላው ጉብ ብዬ በሰፈራችን ሳልፍ ልጆቹ ሁሉ እየሮጡ ይከተሉን ነበር። ያኔ በዓለም ላይ ከአባቴ የሚበልጥ ሰው አልነበረም። ይህን የምናገረው ከየት ከፍታ እንደወደቀብኝ እንድታውቁልኝ ነው።

ያን ዓመት እናቴ አልጋ መያዝ አበዛች። ከእግሯ ሥር ትራስ ተደርጎ ትተኛለች፤ ሴቶች ይመጣሉ፣ በሹክሹክታ ያወራሉ፣ እኔ ስገባ ስለ ሳሙና ማውራት ይጀምራሉ። እኔ የታመመች መስሎኝ ነበር። ዛሬ የማውቀውን አሁኑኑ ልንገራችሁ፣ ልብ አንጠልጥሎ ማቆየት አልወድም። እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከእኔ በኋላ ሁለት ፅንስ ወጥቶባታል፤ ሁለተኛው የወጣው ወደ ሆስፒታል ስትሄድ አውቶቡስ ውስጥ ነው። አዋላጇ ይህኛው እንዲቆይላቸው ከፈለጉ ሆዷ ሳይገፋ በፊት ሄዳ ሆስፒታሉ አጠገብ እንድትቀመጥ፣ ግን በመንገድ እንዳትናጥ ነግራቸዋለች። መንገዱን ደግሞ ከካባው ድንጋይ የሚያመላልሱት መኪኖች አርሰውታል። ከድልድዩ ማዶ ያለውን ዳገት ትናንሽ መኪኖች አይደፍሩትም። የሚደፍሩት አውቶቡሱና የጭነት መኪናው ናቸው፤ እነሱም የጫኑትን ሰው እንደ ወንፊት ይነፉታል። እዚያ መንገድ ላይ ጉድጓዱን እየዞረ ጠርዝ ጠርዙን መሄድ የሚችለው ሞተር ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ለእኔ የነገረኝ የለም። በቤታችን ያልተወለደ ልጅ አይነሳም ነበር፤ ሁለት ጊዜ ተነስቶ ቀርቷልና።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ እናቴን ክንዷን ይዞ ወፍጮ ቤት ሲያስገባት አየሁ። ተከትዬ በሩ ኋላ ቆምኩ። የእህል ጆንያ የሚመዘንበት ሰፊ የብረት ሚዛን ላይ አወጣት። ጫማዋን አውልቃ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ቆመች፤ ፀጉሯ ላይ ዱቄት ይረግፍባታል።

«ስንት ኪሎ ነሽ?» አላት አባቴ፣ ሚዛኑ እስኪረጋ አላስችል ብሎት።

«እኔ ምኑን አውቄው» አለች እናቴ ቀስ ብላ።

ባለወፍጮው የሚዛኑን መመዘኛ ብረት ገፋ፣ መለሰ፣ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ተናገረ። እሱ ሁሉንም ነገር ጮክ ብሎ ነበር የሚናገረው፤ ወፍጮው ጆሮውን ወስዶታል።

«ገና ትጨምራለች» አለ አባቴ ደስ ብሎት።

እህል ይዘው ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ተያዩ። የእኔ ፊት እሳት ሆነ። እናቴን እንደ ሙክት መዘናት። ሊሸጣት ይሆን እንዴ ብዬም አስቤያለሁ። ልጅ የማያስበው የለም።

በማግስቱ አባቴ ግቢያችን ውስጥ አንድ ጆንያ አሸዋ ሞላ፤ ከወፍጮ ቤቱ ሚዛን አድርሶ መለሰውና ከሞተሯ የኋላ ኮርቻ ላይ ጠፍሮ አሰረው። አዲስ ሞላ ከገጠመላት ገና መክረሟ አልነበረም፤ ቀለሙ ያብረቀርቃል። ጆንያው ላይ ደግሞ፣ እናቴ ስትቀመጥ እጇን የምታሳርፍበት ቦታ ላይ፣ ስድስት እንቁላል የያዘ ቅርጫት አሰረ።

«አባዬ፣ እንቁላሎቹ ምንድን ናቸው?»

«ተሳፋሪ ናቸው» አለኝና ተነሳ።

ድልድዩን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ ተመለሰ። ሲመለስ ከቅርጫቱ ቢጫ እየተንጠባጠበ ጭስ ማውጫው ላይ ጭስ ጭስ ይል ነበር። ሽታው አሁን ድረስ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። አንድም የተረፈ አልነበረም። አባቴ ጣቱን አስኳሉ ውስጥ ነክሮ አየው፤ ከዚያ የብሎን መፍቻ ቁልፉን ይዞ ከሞተሯ ሥር ገባ።

የሰፈራችን ብረት በያጅ የአባቴ ባልንጀራ ነው፤ ምላሱም ችቦውም የማይበርድ ሰው። በር ላይ ቆሞ ቅርጫቱን አየ፣ ጆንያውን አየ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉ ሰምቻለሁ» አለ። «በሞተር ሲሄድ ያየሁት ግን በአንተ ዘመን ነው።»

«ሞላው ከሮ ነው» አለ አባቴ ከሥር። «ድንጋዩን እንዳለ ወደ ላይ ያቀብላል።»

«ታዲያ አሮጌውን መልሰው።»

«አሮጌውማ ላልቷል። ጉድጓድ ሲያገኝ መጨረሻው ድረስ ወርዶ ብረት ለብረት ይጋጫል። ያቺ ምት እኮ ናት…» እግሬን አየና አቆመ። «ዘይቱን እቀይረዋለሁ» አለ።

በያጁም ወደኔ ዞሮ ስለ ትምህርቴ ጠየቀኝ። እሱ ስለ ትምህርቴ ጠይቆኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ የዘወትር ሥራው ሆነ። ከሥራ ሲመለስ የፊት ጎማውን የያዘውን ሹካ ይፈታል፣ ወፈር ያለ ዘይት ይጨምርበታል። የኋላውን አሞርዛተር ቀለበት አንድ ጥርስ ያጠብቃል፤ ሄዶ ይመለሳል። አንድ ጥርስ ያላላል፤ ሄዶ ይመለሳል። እናቴ በየጊዜው ወፍጮ ቤት ትወሰዳለች፤ እሷ በጨመረች መጠን ጆንያው ላይ አሸዋ ይጨመራል። ማታ ማታ የተሰበረውን እንቁላል አጥልለን እንበላለን። ቅርፊት ጥርሴ ሥር ቅጭ ሲል አባቴ «ካልሲየም ነው» ይላል። እናቴ ትስቃለች፤ ስትስቅ ሆዷን ትይዛለች።

ጎረቤታችን ስፌተኛዋ መስኮቷ መንገድ ላይ ነው የሚከፈተው። አባቴ ጆንያውን ይዞ ሲወጣ አንድ ቀን አታልፈውም።

«ዛሬም ሚስትህን ይዘህ ወጣህ?»

«አየር ልታገኝ ነዋ።»

«እንዲህ ራቁቷን አታውጣት እንጂ፣ ሰው ምን ይላል! ቀሚስ ልስፋላት?»

«ልኳን ባለወፍጮውን ጠይቂው» ይላታል እሱ።

መንገድ ላይ ያለው ሁሉ ይስቃል። አባቴም ይስቃል። እኔን የገደለኝ የእነሱ መሳቅ አልነበረም፤ ሲስቁበት አብሮ መሳቁ ነበር። ሰው ሲሰድበው የማይገባው ሰው መሰለኝ። የሚያስቀው ምን እንደነበር፣ ምን ያህል ተስፋ ሆዱ ውስጥ ይዞ እንደሚሄድ እኔ በምን ልወቀው። ብቻ በዚያው ሰሞን ከኋላው መቀመጥ ተውኩ። «ነይ እስከ ድልድዩ ላድርስሽ» ሲለኝ ሆዴን አሞኛል እላለሁ።

የባለወፍጮው ልጅ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ነበር። የአባቱን ድምፅ ወርሷል። ስሜን ጥሎ «ጫጩት» አለኝ፤ በአንድ ቀን ትምህርት ቤቱ ሁሉ ጫጩት አለኝ።

«ጫጩት፣ ዛሬ ስንት ተፈለፈለ?»

ዝም እላለሁ። ዝምታ ግን ለእንደዚህ ያለው ልጅ እንደ ቤንዚን ነው። አንድ ጠዋት አስተማሪ ሳይገባ ወንበር ላይ ወጣና «የጫጩት እናት በዚህ ሳምንት ስንት ኪሎ እንደደረሰች ልንገራችሁ?» አለ። ነገራቸውም። ክፍሉ በሳቅ ተናጠ። ደብተሬን ሰብስቤ ወጣሁ፤ ቤት እስክደርስ አልቆምኩም።

እናቴ ተኝታ ነበር። አልጋዋ ጫፍ ቆሜ እያለቀስኩ ነገርኳት።

«ሁሉም ይስቅብናል። አንቺንም ጆንያ ይሉሻል። አባዬ አብዷል ይላሉ። እስኪተው ድረስ ትምህርት ቤት አልሄድም።»

«አባትሽ አላበደም።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

ወደ ግድግዳው አየች። «እየተጠነቀቀ ነው» አለች።

መልስ መስሎ አልታየኝም። ተጠንቅቆ ነው እንቁላል የሚሰብረው? በማግስቱም በሳልስቱም አልሄድኩም። የሄድኩ መስዬ ወጥቼ ከቤቱ ኋላ ቁጭ እላለሁ፤ እናቴ በመስኮት ታየኛለች፣ ግን አትናገርም።

አንድ ምሽት እራት በልተን እኔ የተኛሁ መስሏቸው ሲያወሩ ሰማሁ።

«ትናንት ሁለት ነው የተሰበረው። ዛሬ አንድ» አለ አባቴ። «ደርሻለሁ። አንድም ሳይሰበር የተመለስኩ ዕለት በማግስቱ እንሄዳለን።»

«አዋላጇ ያለችው ቀን እኮ አለፈ።»

«አውቃለሁ።»

«ልጅቱም ትምህርት ቤት መሄድ ትታለች።»

የአባቴ ወንበር ተንቋቋ። «ምን አድርገዋት?»

«ስቀውባት።»

«በኔ?»

አባቴ ቁልፍ ይሁን ማንኪያ አንድ ብረት ጠረጴዛው ላይ ሲያኖር ሰማሁ። «ትንሽ ታገሺው በያት» አለ።

ጠዋት በጨለማ የነቃሁት በድስት ድምፅ ነው። እናቴ ምድጃው ፊት ቆማ ነበር፤ እዚያ ቆማ ካየኋት ቆይቻለሁ። ድስቱ ውስጥ የሆነ ነገር ቋ ቋ ቋ ይላል።

«ምንድን ነው?»

«ውሃ ነው። ነይ፣ ፊትሽን ልጠብሽ።»

ቀዝቃዛ ቀላቀለችበትና ፊቴን፣ አንገቴን፣ ጆሮዬን ኋላ አጠበችኝ። ሞቆ ደስ ይላል። ፎጣውን ፊቴ ላይ አቆየችውና «ዛሬ ትሄጃለሽ አይደል? ዛሬ ያልቃል» አለችኝ። እንዴት አወቀች ብዬ አልጠየቅኩም።

ያን ቀን አባቴ ሲመለስ ስፌተኛዋ መስኮት ላይ፣ በያጁ በር ላይ ነበሩ። ሞተሩ ሳይጠፋ እናቴ ወጥታ ቅርጫቱን ከእጁ ተቀበለችውና ጨርቁን ገለጥ አድርጋ «ደረቅ ነው!» አለች። «አንዲት ጠብታ የለም።» ጨርቁን መልሳ ሸፈነችው። አባቴ የራስ ቁሩን አውልቆ እንደ ሕፃን አያት። ከዚያ ወገቧን ይዞ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ እንቁላል አቀፋት። በያጁ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ነፃ ወጣሁ ብዬ።

በማግስቱ ጠዋት ለጉዞ ተነሱ። ስፌተኛዋ ከየጨርቁ ቁራጭ የሰፋችውን ወፍራም ትራስ ይዛ ሮጣ መጣች፤ ከእናቴ ሥር ስታደርገው ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ያቺ ቀልደኛ ምን ሆና ታለቅሳለች ብዬ ገረመኝ። ትራሱን ለመጨረስ ስንት ቀን እንደሰፋችው፣ መስኮቷ ላይ የምትቀመጠው ለማሾፍ ብቻ እንዳልነበረ ያወቅኩት አድጌ ነው። አባቴ የትናንቱን የእንቁላል ቅርጫት መሪው ላይ አንጠለጠለ።

«እሱን ደግሞ ለምን?» አለች እናቴ። ፊቷ ልክ አልነበረም።

«ምስክሮቼ ናቸው። እነሱን እያየሁ እነዳለሁ።»

እኔን ለስፌተኛዋ አደራ ሰጡኝና ሄዱ። እኔም ፀጉሬን ተሠርቼ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ትምህርት ቤታችን ጉብታ ላይ ነው፤ ከክፍላችን መስኮት ድልድዩና ከማዶው ያለው ዳገት ይታያል። ሥነ ሥዕል ላይ ነበርን። የባለወፍጮው ልጅ «እንዴ!» ብሎ ተነሳ፤ ሁሉም ወደ መስኮቱ ተንጋጋ። ከማዶ፣ በዚያ ድንጋያማ ዳገት ላይ፣ አንድ ሰው ሞተር እየገፋ ነበር። ሞተሯ ላይ ደግሞ አንዲት ሴት ቀጥ ብላ፣ እንደ ሐውልት ተቀምጣለች። ሰውየው ይገፋል፣ ይቆማል፣ በእግሩ ጎማው ፊት ያለውን ድንጋይ ይጠርጋል፣ እንደገና ይገፋል። እንደ ጉንዳን ነበር የሚሄደው።

«ተበላሸችበት!» አለ አንዱ።

«ታዲያ ሴትየዋ አትወርድም እንዴ? ተጭና ታስገፋዋለች!»

ሳቁ። የባለወፍጮው ልጅ ግን አልሳቀም፤ ወደኔ ዞሮ፣ በዝግታ፣ «ጫጩት፣ አባትሽ አይደለም?» አለኝ። ልብ በሉ፣ ያን ጊዜ ድምፁ ውስጥ ፌዝ አልነበረም። ሊያዝንልኝ ነበር መሰለኝ።

«አይደለም» አልኩ። «የኛ ሞተር አትበላሽም።»

ተመልሼ ቦታዬ ተቀመጥኩ። ቤት እየሳልኩ ነበር፤ ጣራውን ቀይ ቀባሁት። ደወሉ እስኪደወል ቀና አላልኩም። ቀና ያልኩ ጊዜ ዳገቱ ላይ ማንም አልነበረም።

አባቴ በማግስቱ ብቻውን ተመለሰ። የሞተሯን ድምፅ ሰምቼ ወጣሁና ደጃፉ ላይ ቆምኩ። የኋላው ኮርቻ ላይ ጆንያ ነበር። ሌላ ጆንያ፣ ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ፣ አሸዋ ሞልቶ ጢም ያለ። ጆንያው ላይ ቅርጫት፣ ቅርጫቱ ውስጥ እንቁላል። ተገላገልኩ ብዬ ገና አንድ ቀን አላደርኩም።

ሲወርድ ቀጥ ብሎ መቆም አልቻለም። መዳፉ በጨርቅ ተጠቅልሏል። «እናትሽ ደህና ናት» አለኝ፤ ቅርጫቱን ይዞ ጎብጦ ገባ። ጠረጴዛው ላይ ጎድጓዳ ሳህን አኖረና እንቁላሎቹን አንድ በአንድ እያነሳ ሰበራቸው። አንዱን ሰብሮ ያያል፤ አስኳሉ ክብ እንዳለ ሳህኑ ውስጥ ይወርዳል። ሌላውን ያነሳል። ሁሉንም ጨረሰ። አንድም በመንገድ የተሰነጠቀ አልነበረበትም።

«አንድም» አለ፤ ለኔ አልነበረም የሚያወራው። «በዚያው ዳገት። እየነዳኋት።»

ከዚያ ክንዱን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ ራሱን ጣለበት፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። በእንቁላል። ባልተሰበረ እንቁላል! እኔ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ስፌተኛዋ እንዳታየው መስኮቱን ዘጋሁ።

ሲረጋጋ ከጃኬቱ ኪስ ሌላ እንቁላል አወጣና ሰጠኝ። ከአንድ ጎኑ ተልጧል፤ ነጩ ላይ አቧራ የነካው ጣት አሻራ አርፎበታል።

«ይሄ የተቀቀለ ነው!» አልኩት።

አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ። «ሞተሩ ቀቀለው» አለ። «ዳገቱ ላይ ግሎ።»

አምኜው በላሁት።

ወንድሜ ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ ተወለደ፤ ትንሽ፣ ግን ድምፁ ያለ። ከነእናቴ ያመጣቸው በያጁ ነው፤ በዚያችው ሞተር፣ በዚያው ዳገት፣ እየነዳ። ሕፃኑ መንገዱን ሁሉ ተኝቶ መጣ። አባቴ ወገቡ ታሞ ተቀምጦ መንዳት አልቻለም። ያን ያህል የደከመባትን ሞተር ከዚያ ወዲያ አልጋለባትም፤ ለባልንጀራው ለቀቀለት። እሱም ከምሰሶ ቁጥጥር ወደ መጋዘን ሥራ ተዛወረ። ዕድሜውን ሙሉ ወደ አንድ ጎን እንደዘመመ ሄደ። ትምህርት ቤት ሊጠይቀኝ ሲመጣ አካሄዱን ከሩቅ አይቼ ከጓደኞቼ ቀድሜ ሮጬ በር ላይ እቀበለው ነበር። ሰው ሁሉ «አባቷን እንዴት የምትወድ ልጅ ናት» ይል ነበር።

አደግኩ፣ ወለድኩ፣ አባቴ ሞተ። የሞተሯ ነገር የቤታችን ጨዋታ ሆነ። ቤተሰብ በተሰበሰበ ቁጥር እኔ ነኝ የምተርከው፤ ታሪክ ማውራት ታውቂበታለሽ ይሉኛል። አባቴ ከጆንያ ጋር ሲሽከረከር፣ ስፌተኛዋ ቀሚስ ልስፋላት ስትል፣ ሞተሯ ዳገት ላይ ተበላሽታ እናቴ እንደተቀመጠች ሲገፋት፣ ሞተሩ ግሎ እንቁላሉን ሲቀቅለው። አጎንብሼ አገፋፉን ሁሉ አሳያቸው ነበር። ልጆቼ በሳቅ ይሞታሉ። ወንድሜም፣ ራሱ ሸብቶ፣ ይስቃል።

እናቴ አርጅታ እኔ ዘንድ በምትኖርበት ዘመን አንድ እሑድ ምሳ ላይ እንደገና ጀመርኩ። እንቁላሉ ጋ ስደርስ እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እኔ ነኝ የቀቀልኳቸው» አለች።

ልጆቼ ቀና አሉ።

«ሞተሯ አልተበላሸችም። ያን ጠዋት ፊትሽን ያጠብኩሽ በእንቁላሎቹ ውሃ ነው።»

«እማዬ፣ ምን ማለትሽ ነው?»

«ትምህርት ቤት አልሄድም ብለሽ ከቤት ኋላ ስትቀመጪ አይሽ ነበር። እሱ ደግሞ አንድም ሳይሰበር ካልተመለስኩ አልሄድም ይላል። ቀኑ አለፈ። እኔም አፍሬ ነበር፤ ጆንያ መባሉ… ሴት አይደለሁም?» ውሃ ጠጣች። «ዳገቱ ጋ ደረስን። አንዷ ከቅርጫቱ ወጥታ ድንጋይ ላይ ወደቀች። አልፈሰሰችም። ተንከባለለች። ወርዶ አነሳት፣ ላጣት። ላየው አልቻልኩም። ሞላው ትክክል ይሁን አይሁን ከዚያ ወዲያ በምን ይወቀው? ‹ለምን?› አለኝ። ‹ልጅቱ እያለቀሰች ነው› አልኩት። ሞተሩን አጠፋ። ‹እንዳትንቀሳቀሺ› አለኝና እስከ ላይ ገፋኝ።»

ወንድሜ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ነበር።

«ላይ ስንደርስ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረው፤ ‹እሷ እንዳትሰማ።› እሱ እያለም፣ ከሞተም ወዲያ ጠበቅኩለት። ግን ሁልጊዜ ስትስቂበት…» ማንኪያዋን መልሳ አነሳች። «በሱ አትሳቂበት፣ ልጄ።»

ያን ጊዜ ነው ያ ሁለተኛው ጆንያ የገባኝ። በማግስቱ እናቴን የሚያህል አሸዋ ጭኖ፣ ጥሬ እንቁላል ይዞ፣ በዚያው ዳገት እየነዳ የወረደው ለምን እንደሆነ። ሞላው ትክክል ነበር። መግፋት አላስፈለገውም። ወገቡን በከንቱ ነው የሰበረው፤ ይህንንም እዚያ ጠረጴዛ ላይ ከሳህኑ ጋር ብቻውን አወቀው። እኔ መስኮት ስዘጋ።

ይህን ሁሉ ሳስብ ከተቀመጥኩበት አልጋዬ ተነስቼ ወጥ ቤት ገባሁ። ቅርጫት ፈለግኩ፣ ስድስት እንቁላል አስቀመጥኩበት፤ አንድ ትርፍ በእጄ ያዝኩ። ግቢው ውስጥ የልጅ ልጄ አዲሱን አሞርዛተር ገጥሞ ቀለበቱን እያዞረ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው አያቴ?» አለኝ።

«ተሳፋሪ ናቸው። መጀመሪያ እነሱን ይዘህ ሂድ። ክብደቴን ከዚያ በኋላ እነግርሃለሁ።»

መሳቅ ቃጣው፤ ፊቴን አይቶ ተወው። ትርፏን እንቁላል ኮርቻው ጠርዝ ላይ መታኋትና በመዳፌ ላይ ከፈትኳት፤ ነጩ በጣቶቼ መሃል እየፈሰሰ መሬት ላይ ተንጠባጠበ።

«ጥሬ ነው» አልኩት። «እይ። ጥሬ ነው።»